መደቡ እንዳለ፣ ግድግዳው እንደ ዓመቱ

ጫማችሁን አውልቁ፤ ግን ገና አትግቡ። እዚሁ ደጃፉ ላይ ቆም በሉልኝ። ሐረር ጀጎል ውስጥ አንድ የሐረሪ ቤት ስትጎበኙ ዐይናችሁ ከውስጡ ደብዛዛ ብርሃን ጋር እስኪለማመድ ያለችው ግማሽ ደቂቃ ከጉብኝቱ ሁሉ ትበልጥብኛለች። ውጭ ፀሐዩ ያነድዳል፤ ሳሎኑ ግን ብርሃኑን በአብዛኛው የሚያገኘው ከዚሁ ከቆማችሁበት በር ነው። መጀመሪያ ቀይ ነገር ይታያችኋል፤ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ወደ ውስጥ የሚወጣ። ከቀዩ በላይ ግድግዳው ይፈካል። ከዚያ ክብ ክብ ነገሮች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፤ ስፌት፣ ሳህን፣ ስፌት፣ ሳህን፣ እስከ ጣሪያው ሥር ድረስ።

የመጀመሪያ ቀን «ወይ ማማሩ!» ብዬ ፎቶ አንሥቼ ወጣሁ። ከዓመታት በኋላ እዚያው ቤት ስመለስ ግን ግራ ገባኝ። መደቡ ያው ነው፣ በሩም ያው ነው፤ ግድግዳው ግን ሌላ ግድግዳ ነው። ነጭ የነበረው ወደ ውሃ ሰማያዊ ሄዷል። መሀል ላይ የነበሩት ትልልቅ ስፌቶች ወደ ላይ ወጥተዋል፤ እነሱ በነበሩበት አበባ የተሣለባቸው ሳህኖች ተደርድረዋል። «ምነው ለወጣችሁት?» ብዬ የቤቱን እመቤት ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ቡናውን እየቀዱ፣ «ልጄ፣ ቤት እኮ ነው» አሉኝ። ሌላ ማብራሪያ አልሰጡኝም። ቤት ስለሆነ ይለወጣል፤ በቃ።

እኔ ግን በዚያ መልስ አልተውኩትም። እዚህ ቤት ውስጥ የሚለወጠው ምኑ ነው? የማይነካውስ? የሚወስነው ማን ነው? ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሐረሪ ሁሉ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። የገባኝን ያህል ልንገራችሁ፤ ቡናው እስኪፈላ ጊዜ አለን።

መጀመሪያ ከውጭ እንጀምር። በሐረር በር ገብታችሁ፣ ፈረስ መጋላን አልፋችሁ፣ የልብስ ስፌት መኪኖች ድምፅ ስሙን ባወጣለት በማኪና ግርግር ቁልቁል ስትወርዱ የምታዩት ግድግዳ ብቻ ነው። ጠባብ መንገድ፣ ግራና ቀኝ አጥር፣ አልፎ አልፎ የእንጨት በር። ቤቶቹ ፊታቸውን ወደ ግቢያቸው አዙረዋል። ጀጎል ሲባል በግንብ የታጠረው 48 ሄክታር ያህል መሬት ነው፤ ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር አሠሩት ይባላል። አምስት የጥንት በሮች አሉት፤ እኛ የገባንበት ሐረር በር በኋላ የተከፈተ ስድስተኛ ነው። የውጭ አገር ሰው ሐረርን በጅቦቿና በ82 መስጊዶቿ ያውቃታል። ዩኔስኮ ግን በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ከሐረር ባህላዊ ቅርስ ሁሉ እጅግ አስደናቂው ክፍል ቤቶቹ፣ በተለይም የውስጥ አሠራራቸው መሆኑን ጽፏል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ጅቡን ማታ ታዩታላችሁ።

ቤቱ በሐረሪ ቋንቋ «ጌይ ጋር» ይባላል። ጌይ ከተማዋ ራሷ ናት፤ ሐረሪዎች ሐረርን እንዲሁ «ከተማዋ» ብለው ነው የሚጠሯት። ጋር ደግሞ ቤት ነው። እኛ በአማርኛ ጓደኛችንን «ማታ እኔ ጋ ና» ስንለው ወደ ቤቴ ና ማለታችን አይደል? የሁለቱን ቃላት ዝምድና ለቋንቋ አዋቂዎች ልተወው፤ ብቻ ቃሉን ስሰማ ቤተኛ እንደሆንኩ ይሰማኛል።

አሁን ግቡ። ያላችሁበት ትልቁ ክፍል ግድር ጋር ይባላል፤ ትልቁ ቤት ማለት ነው። ያ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የታያችሁ ቀዩ ነገር ነደባ ነው፤ በአማርኛችን መደብ የምንለው። በአብዛኛው አምስት ነው፤ ከፍታቸውም እንደየሰው ክብር ይለያያል። አሚር ነደባ የአባወራው ወይም የከበረው ሰው ቦታ ነው፤ ከአጠገቡ ጦር የሚቆምበት ሥፍራ አለ። ግድር ነደባ ሰፊው ነው፤ እንግዳ ሲበዛ የሚሞላው እሱ ነው። ጢት ነደባ ትንሹ ነው። አንዱ ከበሩ ጀርባ ነው፣ አንዱ ደግሞ ሰወር ያለ ነው። ወንበር የለም፤ ቤቱ ራሱ ወንበር ነው። አንድ ሰው የት እንደሚቀመጥ ካያችሁ ማን እንደሆነ ለመጠየቅ አትቸገሩም። እኔ ሁልጊዜ በተጠቆምኩበት እቀመጣለሁ፤ አንድ ቀን ተሳስቼ ከፍ ብዬ በመቀመጤ ሕፃናቱ የሳቁብኝን እስካሁን አልረሳሁትም።

በስተግራ አንዲት ትንሽ ክፍል አለች። በድሮው ልማድ አዲስ ሙሽሮች የመጀመሪያውን ሳምንት የሚያሳልፉት እዚያ ነበር፤ ምግቡና ውሃው በትንሽ ቀዳዳ ይገባላቸዋል። በላይ ያለው ክፍል ዛሬ መኝታ ቤት ሆኗል እንጂ ድሮ የእህል ማስቀመጫ ነበር። ከበሩ በላይ ቀና ብላችሁ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ካያችሁ፣ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል። ስትዳር ምንጣፉ ይወርዳል። እንግዲህ እዚህ ቤት ውስጥ የተሰቀለ ነገር ሁሉ አንድ ነገር እንደሚናገር ከአሁኑ ልብ በሉ።

ቀዩን ግን እንዳላልፈው። መደቦቹ የሚለቀለቁት በቀይ አፈር ነው፤ እየተወለወለ ሲኖር እንደ ቆዳ ያበራል። አስጎብኚዎች ሁሉ የሚነግሯችሁ ታሪክ አለ። በ1879 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ የአሚር አብዱላሂን ጦር ድል ነሥተው ሐረርን ሲይዙ ብዙ ሐረሪ አለቀ፤ ቀዩ የዚያ ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። ይህን ታሪክ በሐረሪ ቤት መደብ ላይ ተቀምጣችሁ ስትሰሙት ከመጽሐፍ እንደምታነቡት አይሆንም፤ የተቀመጣችሁበትን ዳሰስ ታደርጋላችሁ። እኔ እንደሚመስለኝ ቀይ አፈር በአካባቢው ስላለ፣ ርካሽ ስለሆነና ስለሚያምርም ነው የሚቀባው፤ ከጨለንቆ በኋላ ደግሞ ትርጉም ተጨመረለት። ሁለቱም አብረው እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ቀለም መጀመሪያ የሚመረጠው በአንድ ምክንያት ነው፤ ዘመን ካለፈ በኋላ የሚጠበቀው በሌላ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የማይነካው ይሄ ነው፤ መደቦቹ፣ ቀዩ፣ እና ከዋናው መደብ በላይ ግድግዳው ውስጥ ገባ ገባ ብለው የተሠሩት መደርደሪያዎች። ብዙውን ጊዜ ቁጥራቸው ዐሥራ አንድ ነው። ኩባያ፣ ሳህን፣ መጽሐፍ ይቀመጥባቸዋል። መደርደሪያ መግዛት አያስፈልግም፣ ማንሣትም አይቻልም፤ ግንበኛው ድንጋዩን ሲደረድር ሠርቷቸው ሄዷል። አያት የተጠቀሙበትን ቀዳዳ የልጅ ልጅም ትጠቀምበታለች። ልዩነቱ ምን እንዳስቀመጠችበት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የእመቤቷ ነው። ቤቱን ወንድ ይገነባዋል፣ ይወርሰዋል፣ ይጣላበታል፤ ግድግዳው ግን የሴት ነው። ምን ይሰቀል፣ ምን ከምን አጠገብ ይዋል፣ የትኛው ይውረድ የሚለውን የምትወስነው እሷ ናት። ባልየው አስተያየት አለው፤ አስተያየቱም በትሕትና ይደመጣል።

የግድግዳው ዋና ጌጥ ስፌት ነው። የሐረር ስፌት ከሌላው አገር ስፌት ጥብቅነቱ ይለየዋል፤ ጥሩውን በጣታችሁ ስትመቱት እንጨት እንጨት ይላል። መሥሪያው ቀላል ነው፤ ሣር፣ ቀለም የተነከረ አለላ፣ ወስፌ። ጊዜው ነው የማይገኘው። ትልቁ ስፌት ወራት ይፈጃል። ድሮ ልጃገረዶች ሙያውን የሚማሩት «ሞያ ጋር» በሚባል ቤት ተሰብስበው ነበር፤ ሞያ ቤት እንደ ማለት። አንዲት ባለሙያ ሴት ዘንድ ይሰባሰባሉ፣ ይሰፋሉ፣ ይጨዋወታሉ፣ ያማሉም። የሰፉት ሁሉ ወደ ፊት የራሳቸው ግድግዳ ላይ የሚወጣ ነው። አንዲት ልጅ ቤቷን ከማግኘቷ በፊት ግድግዳዋን ጀምራለች ማለት ነው።

ስለ ስሞቹ አንድ ነገር ልንገራችሁና ሳቁ። በሐረሪ «ሞት» ስፌት ነው፤ ክዳን ያለውን ዓይነት ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሉታል። ሙሽራዋ ለባሏ እናት ይዛ የምትሄደው ትልቅ ስፌት ታዲያ «ሐማት ሞት» ይባላል። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው የሠርግ ስጦታው ስም ይህ መሆኑን ሲሰማ እንዴት እንደሚደነግጥ አስቡት! ትርጉሙ የአማት ስፌት ነው፤ ሌላ ተንኮል የለበትም። አንድ ወዳጄ ግን «ስሙን ያወጣችው ምራት መሆን አለባት» ብሎ እስካሁን ይከራከረኛል።

ሌሎቹ ደግሞ አፍላላዎቹ ናቸው፤ ጥቁር ዕቃዎች፣ ከላያቸው እንደ ሾጣጣ ቆብ የቆመ የስፌት ክዳን ያላቸው፤ በረድፍ ተደርድረው ይቆማሉ። ውድ ውድ ነገር የሚቀመጥባቸው ነበሩ። አሁን በብዙ ቤት ውስጣቸው ባዶ ነው፤ ግን ቦታቸውን አይለቁም። ከዚያ ጠፍጣፋዎቹ ስፌቶች ይመጣሉ፤ በረድፍ፣ ትልቁ ከትልቁ፣ ትንሹ ከትንሹ፣ ብዙውን ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው። ጥልፉ ወደ እንግዳው ዞሮ ነው የሚሰቀለው። እንግዳ ሲመጣ አንዳንዱ ከግድግዳው ይወርድና ይቀርብበታል፤ ሲሄድ ይወለወልና ይመለሳል። ስለዚህ ግድግዳው ጓዳም ነው። «ይህን ሁሉ ዕቃ የት ታስቀምጣላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ እያያችሁት ነው።

ሳህኖቹስ? እነዚህ ናቸው እኔን ያስገረሙኝ፤ ምክንያቱም «ባህላዊ የሐረሪ ግድግዳ» ብለን ፎቶ የምናነሣው ግማሹ ከውጭ የመጣ ዕቃ ነው። በኢናሜል የተለበጠ የብረት ሳህን፣ ጽጌረዳ የተሣለበት፣ ዳሩ ሰማያዊ የሆነ። ሐረር የነጋዴ ከተማ ናት። ቡና፣ ጫትና ቆዳ ወደ ባሕር ሲወርድ ጨርቅና ዕቃ ወደ ላይ ይወጣል። ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ዐሥር ቀን ቆይቶ የሄደባት፣ አርቱር ራምቦ የተባለው ፈረንሳዊ ገጣሚ ግጥሙን ትቶ ከ1873 ዓ.ም. ጀምሮ ቡና የነገደባት ከተማ ናት። ነጋዴው ይዞት የመጣው አዲስ ሳህን ሲታይ አንዷ እመቤት ሰቀለችው፤ ጎረቤቷ ለቡና መጣች፣ አየችው። የቀረውን እናንተ ታውቁታላችሁ። ሳህኑ ከስፌቱ አጠገብ ቦታ ሲያገኝ ማንም ስብሰባ አልጠራም፤ ክብ ስለሆነ፣ ስለሚያበራና ከጨለማው ክፍል ውስጥ የበሩን ብርሃን መልሶ ስለሚረጭ ነው የተቀበሉት። የሚያበራ ነገር ጥቅሙ ጌጥ ብቻ እንዳልሆነ በዚያ ቤት መብራት የጠፋ ማታ ታያላችሁ።

ትንሽ ዕረፍት ላድርግና አንድ ነገር ልጨምር። ይሄ ነገር የሐረር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የጉራጌ እናቶች ለመስቀል ቤታቸውን ሲለቀልቁና ሲወለውሉ አይታችኋል። ገጠር ቤት ግድግዳው በጋዜጣ ተለብጦ፣ የዛሬ ስንት ዓመት ዜና ቡና እየጠጣን ያነበብን ብዙ ነን። ግድግዳ ላይ መጻፍ፣ መለጠፍና መስቀል ያገር ልማድ ነው። ሐረር ላይ የሚለየው ሥርዓቱ ነው፤ የሚለወጠውና የማይለወጠው ድንበር አላቸው።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ አቆያችኋለሁ።

ከረመዳን በፊት ጀጎልን ያያት ሰው ቀለም ይዟት የታመመች ከተማ ትመስለዋለች። በየመንገዱ ባልዲ፣ በየበሩ ቡሩሽ፣ ነጠብጣብ የለበሰ ልጅ። የውጩ አጥር አረንጓዴ፣ ሮዝ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ይሆናል፤ የውስጡም ይታደሳል። ለአረፋም ይቀባል፣ ለሠርግም ይቀባል። ረመዳን አልቆ የሸዋል ስድስት ቀን ጾም ሲፈጸም ደግሞ ሹዋል ኢድ አለ፤ ሴቱም ወንዱም ለብሶ የሚወጣበት የሐረሪዎች በዓል፣ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው። እንግዳው ያን ጊዜ ይጎርፋል፤ ስለዚህ ቀለሙ ከዚያ በፊት መድረቅ አለበት።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ለማማር ነው» ይላል። ማማሩ አለበት፤ ግን ከሥሩ የግንብ ጉዳይ አለ። የሐረሪ ቤት ግድግዳ ድንጋይ በጭቃ የተያያዘ ነው። ድንጋይና ጭቃ እርጥበት ይጠጣሉ፤ ክረምት ከላይም ከታችም ይገባባቸዋል፣ በጋ ሲመጣ ደግሞ መተንፈስ አለባቸው። የድሮው ቀለም ኖራ ነበር። ኖራ ምን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? የኖራ ድንጋይ በብርቱ እሳት ሲቃጠል ውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣና ነጭ እንክብል ይቀራል። ውሃ ሲያገኝ ይንተከተካል፣ ይፈላል፤ እጅ ያቃጥላል። ያ ሙክክ ያለ ነገር ግድግዳ ላይ ሲቀባ ታዲያ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እየሳበ መልሶ ድንጋይ ይሆናል። ቀለም ቀባን እንላለን እንጂ በእውነቱ በቡሩሽ ድንጋይ ነው የቀባነው! ግን ስስ ድንጋይ ነው፤ እርጥበቱን አያፍንም፤ ዝናብ እያጠበው ይሄዳል። ስለዚህ በየዓመቱ መመለስ አለበት። በየዓመቱ የሚመጣው በዓልና በየዓመቱ የሚያልቀው ኖራ እንዴት እንደተስማሙ አስቡት፤ ቤቱ መድኃኒቱን በበዓል ሰበብ ይወስዳል።

የዘይት ቀለም ሲመጣ ይህ ስምምነት ተናጋ። የዘይት ቀለም ያብረቀርቃል፣ በጨርቅ ይታጠባል፣ ልጅ ሲሥልበት ይጠረጋል። የትኛዋ እናት ትጠላዋለች? ነገር ግን ግድግዳውን እንደ ፕላስቲክ ይሸፍነዋል። ከሥር የወጣው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ቀለሙን እንደ ቁስል ያነፋዋል፤ ከዚያ ይላጣል። ከሁሉ የከፋው ሲሚንቶ ነው፤ ጭቃውን በሲሚንቶ የለሰነ ሰው ውሃውን ግድግዳው ውስጥ ዘጋበት። እኔ በዚህ ጉዳይ ወገን ይዣለሁ፤ አልደብቅም። የሚያብረቀርቅ ግድግዳ ባየሁ ቁጥር ወደ ታች፣ ወደ መደቡ ጥግ አያለሁ። ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ አንድ ያበጠ ነገር አገኛለሁ።

ቢሆንም ለተላጠው ቀለም አንድ ምስጋና አለኝ። በአንዱ ጠባብ መንገድ ላይ አጥሩ በተላጠበት ቦታ ቆሜ ንብርብሩን ቆጥሬያለሁ፤ ላዩ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ሮዝ፣ ከሮዙ ሥር ሰማያዊ፣ ደግሞ ሌላ ሰማያዊ፣ ከሁሉ ሥር ነጭ ኖራ፣ እሱም ድርብ ድርብ። ዛፍ ሲቆረጥ ዕድሜው እንደሚታየው ማለት ነው። እነዚያ ሁሉ ምርጫዎች ነበሩ፤ አንዲት እናት «ዘንድሮ ሮዝ ይሁን» ያለችበት ዓመት ነበረ። ታሪክ ጸሐፊ አልመዘገበውም፣ ግድግዳው ግን ይዞታል።

ለምን ውሃ ሰማያዊ እንደመረጡ ለማወቅ ጓጉቼ ግድግዳቸውን ለለወጡት እመቤት ጥያቄዬን ደገምኩ። «ይሄ ውሃ ሰማያዊ ትርጉም አለው?» እሳቸውም ዐሰብ አደረጉና፣ «ሱቁ የቀረው እሱ ነበር» አሉኝ። እኔ እንኳ ስለ ሰማይና ስለ ሰላም ልጽፍ ተዘጋጅቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ቀለም ትርጉም ስሰማ መጀመሪያ ሱቁን እጠይቃለሁ።

ለውጡ ግን ቀለም ላይ ብቻ አልቆመም። ከ1879 ዓ.ም. በኋላ የህንድ ነጋዴዎች ወደ ሐረር መጡና ሌላ ዓይነት ቤት ሠሩ፤ ፎቅ፣ ከእንጨት የተሠራ በረንዳ፣ ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚያይ። በረንዳ ማለት መታየት ነው፤ ጌይ ጋር ደግሞ መሸሸግ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ኖሩ፣ ከዚያም ተጋቡ፤ ዛሬ ከታች መደብና መደርደሪያው የሐረሪ፣ ከላይ በረንዳው የህንድ የሆነ ሦስተኛ ዓይነት ቤት በጀጎል አለ። ይህን ያደረገው ሰው «ቅርስ አበላሸህ» ተብሎ ይሆናል። አሁን የእሱ ቤት ራሱ ቅርስ ነው።

ስለዚህ የዛሬውን ለውጥ ስናይ ቸኩለን አንፍረድ እላለሁ፤ ፈጽመን አንፍረድ ግን አልልም። የዩኔስኮ መዝገብ ራሱ የሚያሳስበውን ነገር ዘርዝሯል፤ የቤቶች ልስን፣ ከእንጨት ወደ ብረት የተለወጡ በሮች፣ ባዕድ የግንባታ ዕቃ፣ የቴሌቪዥን አንቴና። ከእነዚህ ውስጥ አንቴናው አያስጨንቀኝም፤ በአንድ ቀን ይወርዳል። ቴሌቪዥኑ ራሱ ከዐሥራ አንዱ መደርደሪያዎች ሥር ሲቀመጥ ቦታ አላጣም፤ እንዲያውም አንድ ቤት በላዩ ላይ ትንሽ የስፌት ክዳን ደፍተውበት አይቻለሁ፤ ቤተኛ አድርገውታል። የእንጨቱ በር ግን ያስጨንቀኛል፤ አናጢው ሲሄድ የሚመልሰው የለም። መደቡን በሴራሚክ ማልበስም እንዲሁ። ሴራሚክ መወልወል አያስፈልገውም ይላሉ፤ እውነት ነው። ግን ቀይ አፈሩን በየጊዜው የምትቀባ እጅ ስንጥቁን ታየዋለች፣ ምስጡን ታየዋለች፣ የሰመጠውን ታየዋለች። ሴራሚኩ ያንን ሁሉ ይሸፍናል፤ እስኪወድቅ ድረስ ቤቱ ደኅና ይመስላል።

የራሱን ቤት ወደ ሌላ ነገር የለወጠ ሰውም በሐረር አለ፤ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ባሉት ዓመታት በእጅ የተጻፉ መጻሕፍትን፣ ሳንቲሞችን፣ ጌጦችን፣ ልብሶችን፣ የዘፈን ቅጂዎችን መሰብሰብ ጀመረ፤ መጻሕፍቱን መጠገንና መደጎስም ተማረ። መጀመሪያ የተከፈተው ሙዚየም የራሱ መኖሪያ ቤት ነበር። መኖሪያ ቤት ግን ልኩ የታወቀ ነው፤ እቃው ሲበዛ ቤተሰቡ ይጠባል። እ.ኤ.አ. በ2007 ስብስቡ የራስ ተፈሪ ቤት ወደሚባለው፣ በህንድ ነጋዴ ተሠራ ወደሚባለው ባለ ፎቅ ቤት ተዛወረ። ዛሬ ሐረር የሚሄድ ሁሉ ይጎበኘዋል። እኔ ግን ያን የመጀመሪያውን፣ በመኖሪያ ቤት የነበረውን ሙዚየም ባየሁት ኖሮ እላለሁ። የግድግዳው ልማድ እዚያ ላይ እስከ ጥጉ ሄዷል፤ የቤተሰቡ ግድግዳ ሳይሆን የከተማዋ ሁሉ ግድግዳ በአንድ ሰው ቤት ተሰቀለ።

ከሐረር የወጡትም ይዘውት ሄደዋል። በቶሮንቶ፣ በሜልቦርን ብዙ ሐረሪ ይኖራል። እዚያ መደብ መሥራት አይቻልም፤ የኪራይ ቤት ነው፣ ባለቤቱ ሚስማር እንኳ አይፈቅድም። ስፌቱ ግን ይሰቀላል። በሻንጣ የሚሄደው የቤቱ ክፍል እሱ ብቻ ነው፤ ያ የማይነካው፣ ያ ቀዩ፣ ጀጎል ይቀራል። እና ሳስበው ነገሩ ይገለባበጥብኛል፤ ሐረር ላይ በየዓመቱ ቦታ የሚለዋወጠው ስፌት ውጭ አገር ሲደርስ ብቸኛው የማይነቃነቅ ነገር ይሆናል። አንዴ የተሰቀለበትን ማንም አይነካውም።

ሚስማር ካነሣሁ አይቀር። ባለፈው ስሄድ ያ ውሃ ሰማያዊ ግድግዳ ደግሞ ተቀብቷል፤ ክሬም ሆኗል። እመቤቲቱ ሳህኖቹን ወደ መሀል ሰብስበዋቸዋል፤ ሁለቱ ትልልቅ ስፌቶች ግራና ቀኝ እንደ ዘበኛ ቆመዋል። ጥሩ ነው አልኳቸው። እሳቸው ግን ግድግዳውን እያዩ ዝም አሉ፤ አንድ ነገር አልተዋጠላቸውም። ከላይ በስተቀኝ አንድ ሚስማር ባዶውን ነበር። ከነቀለሙ ተቀብቷል፤ ካልተጠቆማችሁ በቀር አታዩትም።

«ይሄስ?» አልኳቸው።

«እሱ የትንሿ ነው» አሉ፤ ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ ወዳለው ምንጣፍ በአገጫቸው እየጠቆሙ። «ገና እየሰፋች ነው። ከአምና ጀምሮ ጨረስኩ ትላለች።»

ከጓዳ በኩል የልጅቷ ድምፅ መጣ፤ «ጨረስኩ እኮ፣ ክዳኑ ነው የቀረኝ!»